ወንጪ ዋልን

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ወንጪ ሐይቅ ነበርን። በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጥተን በወሊሶ በኩል ሄድን። መንገዱ ሽቅብ ይይዛል፣ እንሰትና ገብስ እየተፈራረቁ ያልፋሉ፣ ብርዱም እየጠነከረ ይመጣል፣ ከዚያ አፋፉ ላይ ስትደርሱ ሐይቁ ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። እንዴት ደስ እንደሚል!

ወንጪ ጥንት የፈነዳ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፣ ስለዚህ በጋ ነው ብላችሁ ጃኬት እንዳትተዉ። ቁልቁል በፈረስም በእግርም ይወረዳል። እኔ በእግር ይሻላል ባይ ነኝ፣ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ ለማየት ይመቻል። ከዚያ በጀልባ ወደ ደሴቱ፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም። ፍል ውሃም አለ። በ2021 እ.ኤ.አ. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል፣ ሲያንሳት ነው።

ጊዜ ካላችሁ በአምቦ በኩል ተመለሱ። ከአምቦ ትንሽ አለፍ ብሎ የጉደር ፏፏቴ አለ። በጋ ላይ ውሃው ይቀንሳል፣ መስከረም አካባቢ ግን ድምፁ ራሱ ይማርካል።

የከነከነኝ ነገር ሐይቁ ዳር የተጣለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። እባካችሁ የያዛችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። ፈረሱንም ጀልባውንም ከአካባቢው ልጆች ተከራዩ፣ ምሳችሁንም እዚያው ብሉ። ቦታውን ጠብቀው ያቆዩልን እነሱ ናቸው፣ ገቢውም መጀመሪያ ለእነሱ ሊደርስ ይገባል።