የኤማ ፔኔያ ድምፅ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማየው በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን የተሠሩ የስፔን ፊልሞችን ነው። ከሁሉም አብልጦ ልቤን የያዘው ሉዊስ ጋርሲያ ቤርላንጋ እ.ኤ.አ. በ1963 ያዘጋጀው «ኤል ቬርዱጎ» ሆነ። ታሪኩ የአንድ የሞት ፍርድ አስፈጻሚ ቤተሰብ ነው። ልጁን ካርመንን የምትጫወተው ኤማ ፔኔያ ናት። ወንዶች የአባቷን ሥራ በሰሙ ቁጥር ይሸሿታል። በመጨረሻ የሚያገባት በቀብር ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱንም ሴቶች የሚርቁት በሥራው ምክንያት ነው።

የሠርጋቸውን ትዕይንት ደግሜ አየሁት። ከእነርሱ በፊት የባለጸጎች ሠርግ ነበር። ያ እንዳበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ሠራተኞች ምንጣፉን ይጠቀልላሉ፣ ጌጡን ያነሳሉ፣ ሻማውን ያጠፋሉ። ካርመንና ሙሽራው ግን ገና ካህኑ ፊት ቆመዋል። ሥርዓቱ ሳይፈጸም ጨለማው ይውጣቸዋል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ ድህነታቸውን የነገራቸው የሚጠቀለለው ምንጣፍ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ተዋናይዋ አነበብኩ፤ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ነሐሴ 1936 ግራናዳ ውስጥ ባለቅኔውን ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካን ይዞ የወሰደው ራሞን ሩይስ አሎንሶ አባቷ ነው። ሎርካ ብዙም ሳይቆይ ተረሸነ። ኤማ ያኔ ነፍስ ያላወቀች ሕፃን ነበረች። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል፤ እኔ ግን ይህን ብሂል በእርሷ ላይ ለመጥቀስ አንደበቴ አይታዘዝልኝም። በአባቱ ሥራ የሚሸሽ ልጅ ምን እንደሚሰማው ካሜራ ፊት ቆማ አሳየችን፤ ከዚህ በላይ ማንም ሊጠይቃት አይገባም።

ለመድረክ የመረጠችው የእናቷን ወገን ስም ነበር። አያቷ ማኑዌል ፔኔያ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ነበርና ስሙ በቴአትር ዓለም ክብር ነበረው። እህቶቿም ተዋናዮች ሆኑ፤ ኤሊሳ ሞንቴስና ቴሬሌ ፓቬስ ይባላሉ። የአንድ እናትና አባት ልጆች፣ ሦስት የተለያየ ስም፣ የአባታቸውን ስም የያዘች ግን አንዲትም የለችም።

ያንገበገበኝ ሌላው ነገር ድምጿ ነው። ጎርነን ያለና ሻካራ ስለነበር ለሴት አይሆንም ብለው በመጀመሪያዎቹ ፊልሞቿ ላይ በሌላ ሴት ድምፅ ተኩት። ፊቷን ወስደው ድምጿን ጣሉት! በዚያው ዘመን፣ በ1957፣ ቀደም ሲል በሆሊውድ ፊልም ላይ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከጋሪ ኩፐር ጋር የሠራችው ስፔናዊቷ ሳራ ሞንቲየል «ኤል ኡልቲሞ ኩፕሌ» በተባለ በጀቱ አነስተኛ ፊልም ላይ ራሷ ዘፈነች። በቀጭን ድምፅ የለመዱትን ዘፈን በወፍራምና በሚያንሾካሹክ ድምፅ አወረደችው፤ አገሩ ሁሉ አበደላት። አድማጩ የጎረነነ የሴት ድምፅ ጠልቶ አያውቅም ነበር ማለት ነው። የጠሉት ስለ እርሱ የሚወስኑት ሰዎች ነበሩ።

ማሪሶል የተባለችውን የፊልም ተዋናይና ዘፋኝ ሳስብም ያው ንዴት ይመለስብኛል። የማላጋዋን ደሃ ልጅ ፔፓ ፍሎሬስን ገና በልጅነቷ ማድሪድ ወስደው፣ ስሟን ለውጠው፣ ጸጉሯን ወርቃማ ቀለም ቀብተው የአገር ሁሉ ልጅ አደረጓት። በ1985 ፊልምን ተወችው። በ2020 ጎያ የተባለው የስፔን የፊልም ሽልማት በክብር ሲሰጣት ዝግጅቱ በገዛ ከተማዋ ነበር፤ እርሷ ግን አልሄደችም፣ ሦስቱ ሴት ልጆቿ ተቀበሉላት። እኔ ደስ ብሎኛል። በልጅነቷ የዘፈነችው ይበቃታል፤ ከእንግዲህ ዝምታዋ የራሷ ነው።

ኤማ ዝም አላለችም። በሰባዎቹ ዕድሜዋ «አኪ ኖ አይ ኪየን ቢባ» በተባለው የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ላይ ነገረኛዋን ጎረቤት ኮንቻን ሆና ያንኑ የተናቀ ድምፅ ለአዲሱ ትውልድ አሰማችው። በ2007 እስክታርፍም ሥራ አላቆመችም። በሌላ ሰው ድምፅ የምትናገርባቸውን ቀደምት ፊልሞቿን ለመፈለግ አላሰብኩም። ቀጥዬ የማየው የእህቷን የቴሬሌን ነው፤ በ1984 የወጣውን «ሎስ ሳንቶስ ኢኖሴንቴስ»። ቴሬሌ ጎያን ያገኘችው ሰባ አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው፤ የእርሷም ድምፅ ሻካራ ነበር።