እንቅርቱ ወጣ፣ ድምፁስ?

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው አክስቴ እንቅርቷን በኦፕራሲዮን ካስወጣች በኋላ ድምጿ ሻክሮ ቀረ፣ ውሃ ስትጠጣም ትን ይላታል፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ሰዉ "ጉሮሮዋን ነክተውባት ነው" ይላል። አቦ ጉሮሮ ሳይሆን ነርቭ ነው እንጂ! የድምፅ አውታሮቻችንን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጡንቻዎች በሙሉ የሚታዘዙት ግራና ቀኝ ባለ አንድ አንድ ነርቭ ነው፣ ድምፅ የምታቀጥነዋ ጡንቻ ብቻ ሌላ ነርቭ አላት። የሚገርመው መንገዱ ነው፣ ከጭንቅላት ከሚወርደው 10ኛው ነርቭ ይገነጠልና ቀጥታ ማንቁርት እንደመግባት የግራው ደረት ድረስ ወርዶ፣ ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ ስር ታጥፎ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ከድሬ ሐረር ለመሄድ ጅግጅጋ ደርሶ መመለስ በሉት። ሲመለስ በአየርና በምግብ ቧንቧ መሀል ሾልኮ ልክ ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ ያልፋል፣ ሐኪሞች እዚያ ጋ የሚጠነቀቁት ለዚህ ነው። አንዱ ጎን ሲሰንፍ አውታሮቹ በደንብ አይገጥሙም፣ አየር ያመልጣል፣ ውሃም ይሾልካል። ሁለቱም ጎን ከተጎዳ ደግሞ ትንፋሽ ራሱ ያስቸግራል። ተጎትቶ ብቻ ከሆነ በወራት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፣ የድምፅ ልምምድም ይረዳል። እሷ ግን ዝንጅብል በማር ብላ ሙጭጭ ብላለች፣ እሱ ደግሞ በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው፣ አውታሩን አይነካውም ብላት ማን ይሰማኛል።