ቡና ላይ የተጎዘጎዘው ናሙና

ፈርን የሚባለው አበባ የለሽ ተክል ከተነቀለ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ፀሐይ ካገኘው ቅጠሉ ወዲያው ይጠቀለላል፤ ከዚያ በኋላ እሱን መዘርጋት ፍዳ ነው። ስለዚህ ከዘጌ ለናሙና ያመጣሁትን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ላስቲክ ውስጥ አስሬ፣ በረንዳው ጥላ ላይ ሰቀልኩትና ናሙና ማድረቂያው መጭመቂያ መሃል የሚገባ ካርቶን ፍለጋ ወደ ሱቅ ወጣሁ። ካርቶኑ ውስጡ ሞገድ ሞገድ ያለው መሆን አለበት፤ አየር በዚያ ካልተላለፈ የጣና ዳር ክረምት ሁሉንም ሻጋታ ያለብሰዋል።

ስመለስ ግቢው ዕጣን ዕጣን ይሸታል። አከራዬ ቡና አፍልተዋል። ረከቦቱ ስር የተጎዘጎዘው ግን ቄጠማ አይደለም።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ ቅጠል አይደል?»

«አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ! ቄጠማ ሻጯ ዛሬ ቀረችብኝ። ብቻ ቅጫም ነበረበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌልሃለሁ።»

ቅጫም ያሉት በቅጠሉ ጀርባ የተደረደሩትን ቡናማ የስፖር (የመራቢያ ብናኝ) ክምችቶች ነው። ፈርን አበባ የለው፣ ፍሬ የለው፤ ዝርያውን ለመለየት መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ክብ ናቸው ወይስ መስመር? ሽፋን አላቸው? ጠርዝ ላይ ናቸው ወይስ መሃል? ናሙና ሲለጠፍ አንዱ ቅጠል ተገልብጦ ጀርባው እንዲታይ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። እትዬ መታወቂያውን ጠራርገው ጨርሰውታል። በደህና የተረፈው አዲያንተም የተባለው የፈርን ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱ የቅጠሉን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ ስፖሩን ስለሚሸፍን ጨርቁ አልደረሰበትም።

«በክር የታሰሩት ወረቀቶችስ?»

«ከሰሉን አቀጣጠልኩባቸው።»

እያንዳንዱ ወረቀት ላይ በእርሳስ (የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ላይ ይፈሳል) ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑና ከፍታው በዚያው ቁጥር ደብተሬ ላይ ሰፍሯል። ቁጥሩ የጠፋበትን ፈርን የትኛውም ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አይቀበልም።

ቡና ጠጪው ሁሉ እግሩን አንስቶ ለቀማ ገባ። ያዳነን ሥሩ ነው። ፈርን ከነሥሩ የሚነቀለው አግዳሚ ግንዱ ላይ ያሉት ፀጉር መሳይ ቅርፍቶች ለመለያ ስለሚጠቅሙ ነው፤ እነሱ መሃል የዛፍ ልጥ የተሰነቀረበት ዛፍ ላይ የበቀለው፣ አፈር የቋጠረው ደግሞ ከመሬት የተነሳው ሆነ። ከደብተሩ ጋር እያመሳከርን ብዙውን ለየን። ያላረጋገጥነው ወለሉ ላይ ቀረ፤ በግምት የተጻፈ ቦታ ካልተጻፈ ይብሳል።

መለጠፊያው ወረቀት ወደ 42 በ29 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ረጃጅሙን ቅጠል ዚግዛግ አጥፈን፣ ወፋፍራሙን ግንድ ለሁለት ሰንጥቀን ጋዜጣ መሃል አስተኛነው። ጋዜጣው መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ይቀየራል። ገመዱን ያጠበቁት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ለጉድ ነው።

በረካውን እየቀዱልኝ ጠየቁኝ፦

«ለመስቀልስ ትሄዳለህ? በርከት አድርገህ አምጣልን፤ ብቻ ቅጫም የሌለውን።»