ከሃምሳ ዓመት በኋላ በብርድ ወራት ብስክሌት መጋለብና መወዳደር

ብርዱ ሲጀምር ብስክሌቱን ሰቅሎ ሙቀት እስኪመለስ መጠበቅ ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት ብዙም አይጎዳውም፤ ያጣውን በጥቂት ሳምንታት ይመልሳል። ሃምሳን ወይም ስልሳን ላለፈ ሰው ግን ሦስት ወር ማቆም ውድ ነው። ሰውነት በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ልምምድ በማያደርግ ሰው ላይ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል። ጠንካራ ልምምድ ሳያቋርጥ በሚቀጥል ሰው ላይ ቅነሳው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ ዕድሜ የብርድ ወራት ዋና ሥራ ኪሎ ሜትር ማከማቸት አይደለም። ጉልበትንና ፍጥነትን ሳይወድቁና ሳይታመሙ ማሻገር ነው።

«በብርድ ቀስ ብሎ ረጅም መንገድ መሄድ ይበቃል» የሚለው የቆየ ምክር ለወጣት ይሠራ ይሆናል፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። ዕድሜ መጀመሪያ የሚወስደው ጽናትን ሳይሆን ፈጣኖቹን የጡንቻ ክሮችና የልብን የላይኛውን አቅም ነው፤ እነዚህን ደግሞ ዝግ ያለ ጉዞ አይነካቸውም። ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ሮበር ማርሻን እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2012 በመቶ ዓመቱ በአንድ ሰዓት 24.25 ኪሎ ሜትር፣ በ2014 ደግሞ 26.927 ኪሎ ሜትር ጋለበ። በመካከሉ የሠራው ልምምድ 80 በመቶው ቀላል፣ 20 በመቶው ጠንከር ያለ ነበር። የኦክስጅን አቅሙ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ31 ወደ 35 ሚሊ ሊትር፣ ከፍተኛ ጉልበቱ ከ90 ወደ 125 ዋት አደገ። ከፍተኛው የልብ ምቱ ግን አልተለወጠም፤ ፔዳል የማዞር ፍጥነቱ ነው በደቂቃ ከ69 ወደ 90 የወጣው። የአንድ ሰው ውጤት ለሁሉም ሕግ አይሆንም። ሆኖም «ከዚህ ዕድሜ በኋላ መሻሻል የለም» ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው።

በሳምንት ሁለት ጠንካራ ቀን ይበቃል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 48 ሰዓት፣ ከስልሳ አምስት በላይ ለሆነ ደግሞ 72 ሰዓት ይሁን። በአንደኛው ቀን አራት ጊዜ አራት አራት ደቂቃ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ መናገር እስኪቻል ድረስ መግፋት፣ በመካከሉ ሦስት ደቂቃ ማላላት ነው። በሌላው ቀን ስድስት ጊዜ አሥር አሥር ሰከንድ በሙሉ ኃይል መፈትለክና ከእያንዳንዱ በኋላ አራት ደቂቃ ማረፍ ነው። ዕረፍቱን ማሳጠር የተለመደ ስህተት ነው። ያኔ ፍጥነቱ ይወርድና ልምምዱ ፈጣኑን ጡንቻ መንካቱን ያቆማል።

የልብ ምት መለኪያ ለሚጠቀሙ፣ 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ስሌት በዚህ ዕድሜ ዝቅ አድርጎ ይገምታል። 208 ሲቀነስ የዕድሜ 0.7 እጥፍ ይሻላል፤ ለስልሳ ዓመት ሰው የመጀመሪያው 160፣ ሁለተኛው 166 ይሰጣል። ይህም ቢሆን አማካይ ስለሆነ ከሰው ሰው አሥርና ከዚያ በላይ ምት ይለያያል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ የቤታ ብሎከር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቁጥሩን ይተወው። መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው መለኪያው «ቀላል ነው» እያለ ሰውየው ከአቅሙ በላይ ሊገፋ ይችላል። ለእሱ ድካሙን ራሱ የሚገምትበት ከ6 እስከ 20 ያለው መለኪያ ይሻለዋል፦ 12 ቀላል፣ 15 ጠንከር ያለ።

ብስክሌት አጥንትን አይጭነውም፤ ዓመቱን ሙሉ ብስክሌት ብቻ የሚጋልብ ሰው የወገብ አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። በብርድ ወራት በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሣት የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ክብደት ከመሬት ማንሣት፣ በአንድ እግር ሳጥን ላይ መውጣት። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት በቀላል ክብደት 12 ጊዜ፣ ከዚያ በከባዱ ሦስት ዙር ከ5 እስከ 8 ጊዜ፤ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ የሚያነሣ ጉልበት ተርፎ ይቁም። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ስለሆነ በየማዕዱ በኪሎ ክብደት 0.4 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። ለሰባ ኪሎ ሰው 28 ግራም ማለት ነው። ቁርስ ላይ ትንሽ፣ እራት ላይ ሁሉንም መብላት አይተካውም።

ወደ ውጭ ከመውጣት በፊት ስለ ልብ። ብርድ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ከሞቀ ቤት ወጥቶ ወዲያው ዳገት መግፋት በዚህ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚያ ውጭ ሃያ ደቂቃ በቀላል ማርሽ መሄድ ይገባል። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር ቧንቧን ስለሚያጠብ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አፍንጫና አፍን በስስ ጨርቅ መሸፈን ሳል ይቀንሳል። ደረት ላይ መጫን፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ቆሞ አስቸኳይ የሕክምና እርዳታ መጥራት ነው። «እስኪያልፍልኝ ልግፋ» አይሠራም።

ስለ ልብስ አጭር ነኝ። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ ቢያሳይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ዜሮ ያህል ነው፤ ዜሮ ቢያሳይ ከዜሮ በታች 6.5። ሲነሡ ትንሽ ከበረዳችሁ ልብሱ ልክ ነው፤ ሲነሡ የሞቀው ሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ በላብ ይርሳል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። እግር የሚበርደው ብዙ ጊዜ ካልሲ አንሶ ሳይሆን ጫማ ጠብቦ ነው። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ መደረብ ደሙን ይዘጋዋል። አንድ የሱፍ ካልሲና ከላይ የጫማ ልባስ ይበልጣል። ጥማትም አይታመን፦ በዕድሜ ይደክማል፣ በብርድ ደግሞ ይጠፋል። በየሃያ ደቂቃው ሁለት ጉንጭ መጠጣት ይልመድ።

ጎማ ላይ ግን ልቆይ፤ የብርድ ወራት አብዛኛው ጣጣ ከእሱ ስለሚጀምር። 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ለዚህ ወቅት ጠባብ ነው፤ ፍሬሙ ከፈቀደ 28፣ ቢቻል 32። ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ ግፊት ስለሚሄድ እርጥብ አስፋልት ላይ ይበልጥ ይይዛል፣ ለወገብም ይራራል። የአየር ግፊት በብርድ እንደሚወርድ ብዙ ሰው ይረሳል። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 5 ባር የተነፋ ጎማ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሲደርስ 4.6 ባር ገደማ ይሆናል። ጎማው አልተበሳም፤ አየሩ ነው የተኮማተረው። ይህን አስልቶ መንፋት ነው እንጂ መንገድ ላይ ደንግጦ መቆም አያስፈልግም።

በእርጥብ ቀን የጎማ መበሳት የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ ስባሪና ጠጠርን ወደ መንገዱ ጠርዝ ያጥባል፤ ውሃው ደግሞ እንደ ቅባት ሆኖ ስለታሙ ነገር ወደ ጎማው እንዲገባ ይረዳዋል። ስለዚህ ከጠርዙ ራቅ ማለት ይገባል። ጎማ ሲበሳ አዲስ ካላማዳሪያ ከማስገባት በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን ዙሪያውን በጣት መዳሰስ የግድ ነው፤ ስንጥሩ እዚያው ካለ ሁለተኛውም ከመቶ ሜትር በኋላ ይተነፍሳል። የደነዘዘ ጣት ጎማ አያወጣም፤ ስስ የላስቲክ ጓንት ኪስ ውስጥ ይኑር። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርትሪጅ የሚነፉ ሰዎች ካርትሪጁ በጣም ስለሚቀዘቅዝ በባዶ እጅ አይያዙት፣ ጋዙም ከአየር ፈጥኖ በላስቲኩ ስለሚያልፍ ቤት ሲደርሱ አስወጥተው በአየር ይተኩት። ካላማዳሪያ በሌለው ጎማ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ፈሳሽም በወራት ውስጥ ይደርቃል፤ ብርዱ ሳይጀምር ተከፍቶ ይታይ።

በረዶን በተመለከተ ድርድር የለኝም። የሙቀት መጠኑ ከ3 ዲግሪ በታች ሆኖ ሌሊቱን መንገዱ ረጥቦ ከነበረ ብስክሌቱ ቤት ይዋል። ድልድይ ከላይም ከታችም አየር ስለሚያቀዘቅዘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይበርዳል፤ የዛፍና የግድግዳ ጥላ ያለበት መታጠፊያም ፀሐይ ወጥታ ሳለ በረዶውን ይዞ ይቆያል። ድንገት በረዶ ላይ ከገቡ ፍሬን አለመንካት፣ መሪውን አለማዞር፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ። ለወጣት ቆዳ መላጥ የሆነው አወዳደቅ ለስልሳ አምስት ዓመት ሰው የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ የወቅቱን ብቻ ሳይሆን የቀሪ ዘመንን ግልቢያ ሊወስድ ይችላል።

በእንዲህ ያለው ቀን ትሬነር ላይ፣ ማለትም ብስክሌቱን ቤት ውስጥ ባለበት አቁሞ በሚያስጋልብ መሣሪያ ላይ መሥራት ነው። ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል። ትልቅ አየር ማራገቢያ ከፊት ከሌለ ሙቀቱ የልብ ምትን ከፍ አድርጎ ጉልበትን ያወርዳል፤ ሰውየው የደከመ ይመስለዋል፣ የሞቀው ግን ሰውነቱ ነው። ላብ ጨው ስለሆነ በመሪው አንገት ላይ ያሉትን ቡሎኖች ይበላል፤ ፎጣ ይዘርጋባቸው።

ለመንገድ የሚወጣው ብስክሌት ሙሉ ፓራፋንጎ ይኑረው፤ የፊተኛው ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል ላስቲክ ቢጨመርለት የራስን እግርም ከኋላ የሚመጣውንም ፊት ያድናል። ካቴና በእርጥብና በአሸዋ ቶሎ ይረዝማል፦ 24 ቁርጥ 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ 306.3 ሲደርስ 0.5 በመቶ ረዝሟልና ለ11 እና ለ12 ማርሽ ብስክሌት መቀየሪያው ደርሷል። ካለፈ የኋላ ጥርሱን አብሮ ይበላዋል፣ ወጪውም ይባዛል። የዲስክ ፍሬን ሸራ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር። የቸርኬ ፍሬን ያላቸው ሰዎች የቸርኬው ጎን መጎድጎዱን በጣት ይዳስሱ፤ የፍሬኑ ጎማ ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ቸርኬውን እንደ ሞረድ ይልገዋል። የመቀመጫው ዘንግ ደግሞ በየወሩ ከፍታው ምልክት ተደርጎበት ይውጣ፣ ተጠርጎ ተቀብቶ ይመለስ፤ ለብረትና ለአሉሚኒየም ግሪስ፣ ለካርቦን የራሱ ቅባት። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተን ጨው ምክንያት የአሉሚኒየም ዘንግ ፍሬም ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ማውጣቱ ፍሬሙን እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል። ከጨዋማ መንገድ ሲመለሱ በዚያው ቀን በቀስታ በሚፈስ ውሃ ማጠብ ነው፤ በኃይለኛ ግፊት ማጠብ ግሪሱን ከኩሽኔታው ያወጣዋል።

አሁን ውድድሩ። ለአንጋፋ አማተሮች ከሁሉ የሚመቸው ሃንዲካፕ የሚባለው አሠራር ነው፤ ደካማው ቡድን ቀድሞ ይነሣል፣ ጠንካራው በመጨረሻ። ስሌቱ ቀላል ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆንና የመጀመሪያው ቡድን በሰዓት 32፣ የመጨረሻው 38 ቢጋልብ፣ አንዱ 75 ደቂቃ፣ ሌላው 63 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ልዩነቱ 11 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ነው። በትክክል ከተሰላ የሰባ ዓመቱ ሰውና የአርባ አምስቱ ሰው መጨረሻው ላይ ጎን ለጎን ይፈትለካሉ። ሌላ የውድድር ዓይነት ይህን አይሰጥም።

ሃንዲካፕ የሚበላሸው ቡድኑ ሳይተባበር ሲቀር ነው። እያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ፊት ወጥቶ ይጎትታል፣ ይለቃል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ተራው የደረሰው ሰው ጉልበቱን ለማሳየት ሲፈጥን ሰልፉ ይበጠሳል፤ ከፊት የወረደው ደክሞ ሳለ ጭራውን መያዝ ያቅተዋል። ወደ ፊት ሲወጡ ፍጥነቱን እንዳለ መያዝ ነው፣ ንፋሱ ራሱ ሥራውን ይጨምርላችኋል። መንገዱ እርጥብ ሲሆን ከፊት ካለው ጎማ ያለው ርቀት አንድ ሜትር ይሁን። የቸርኬ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው፣ ነጭ መስመርና የብረት ክዳንም ያንሸራትታል።

በብርድ የሃንዲካፕ ትልቁ ችግር ደግሞ ለመጨረሻዎቹ ቡድኖች ነው፦ ተሟሙቀው ሲያበቁ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሙቀቱም ያልቃል። የማሟሟቂያው ሰዓት ከራስ ቡድን መነሻ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን፤ 20 ደቂቃ ቀላል፣ ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ ከዚያ ወደ መስመሩ። ወፍራሙ ጃኬት ሁለት ደቂቃ እስኪቀር አይውለቅ፣ የሚቀበል ሰውም አስቀድሞ ይዘጋጅ።

መስመሩን ካለፉ በኋላ ወዲያው አይቆሙ። አሥር ደቂቃ በቀላል ማርሽ ፔዳል ማዞር ይቀጥል፤ እግር ድንገት ሲቆም ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተለይ ከብስክሌቱ ሲወርድ ሊያዞረው ይችላል። ከዚያ ውጤት ከማየት በፊት የረጠበው የውስጥ ልብስ ይቀየር፣ ራስ ይሸፈን፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ።