ለቡና ፒያኖ አይሄድም

ዛሬ ግማሽ ቀኔን ሙዚቃ ፍለጋ ላይ ጨረስኩት። እማዬ ደሴ ቤታችን ቡና ስታፈላ፣ ከጀርባዋ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጬ ነበር። የምወደውን ዘፈን ደርቤበት ትናንት ማታ ዩቲዩብ ላይ ለቀቅኩት። ጠዋት ሳየው ድምፁ ጭጭ! የባለመብት ጥያቄ ተነስቶበታል። አክስቴ ከኮምቦልቻ ደውላ «እናትሽ ምን ሆና ነው አፏ ብቻ የሚንቀሳቀሰው?» አለችኝ።

ከዚያ ለቪዲዮ የሚሆን ሙዚቃ የሚገኝበት ዩቲዩብ ኦዲዮ ላይብረሪ ገባሁ። በነፃ ነው። አንዳንዱ ግን «ክሬቲቭ ኮመንስ» የሚል ምልክት አለው፤ እሱን ከተጠቀማችሁ የሠሪውን ስም መግለጫው ላይ መጻፍ ግድ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ የከፈትኩት ሁሉ ጊታርና ፒያኖ። ለጀበና ቡና ፒያኖ? ኧረ በጭራሽ!

ደግሞ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር ወሎ ተቀምጬ ሙዚቃ መለመኔ ራሴን አሳቀኝ። ቅኝቱ እኮ የሁላችንም ነው፤ ባለቤት ያለው የተቀዳው ዘፈን ነው።

ከሰዓት የጎረቤታችን ልጅ ክራሩን ይዞ መጣ። ባቲን ሲገርፍ በስልኬ ቀዳሁት። ልጠቀምበት ወይ ስለው «ሻይ ከጋበዝሽኝ» አለ። መሃል ላይ የአውራ ዶሮ ጩኸት ገብቶበታል። ላወጣው ስል እማዬ «ተይው፣ እሱም የቤታችን ነው» አለች።