ከከዚራ እስከ ጀጎል

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። «ባህላዊ መልክዓ ምድር» የሚለውን ትምህርት በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ቃል ጽፌ ነው የምጀምረው፤ ተፈጥሮ፣ ባህል፣ ጊዜ። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ካርል ሳወር በ1925 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ተፈጥሮ ጥሬ ዕቃው፣ ባህል ሠራተኛው፣ ዓይናችን የሚያየው መልክዓ ምድር ደግሞ የሥራው ውጤት ነው። ተማሪዎቼ ይህን በቃላቸው ይይዙታል፤ እኔም ብሆን በእግሬ ሄጄ ያየሁት በዘንድሮው ዕረፍት ድሬዳዋና ሐረር ስከርም ነው።

ድሬዳዋን የወለዳት አቀበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 እ.ኤ.አ. ከግርጌው ደርሶ ቆመ፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች፣ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተባለች። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጎዳናዎች በማስመሪያ የተሠመሩ ይመስል ቀጥ ያሉና በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ወደሚባለው ሰፈር ስገባ ግን መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ፤ ቀፊራ ገበያ ስደርስም ማስመሪያው ጨርሶ ተረሳ። ከጎኔ የቆመው ወጣት ፂሜ መሸበቱን እያየ «አንተ፣ ምን ልስጥህ?» አለኝ። እዚያ አገር «አንቱ» ብዙ ቦታ የለውም። ለሸዋ ጆሮ መጀመሪያ ይከብዳል፤ በማግስቱ ግን እኔም ሽማግሌውን ሁሉ አንተ ማለት ጀምሬ ነበር።

ወደ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ሙቀቱ ቀነሰ፣ ማሽላና ጫት የተተከለበት እርከንም በመስኮቱ አለፈ። የሐረማያ ሐይቅን ሳይ ባለፉት ዓመታት ደርቆ እንደነበረ አስታወስኩ፤ ለመስኖም ለሐረር ከተማም ውኃው ተቀድቶ፣ ደለልም ሞልቶት ነበር። የጫቱ ረድፍና የሐይቁ ዳርቻ ለእኔ የአንድ ገጽ ሁለት መስመሮች ነበሩ።

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የገባሁት በሸዋ በር ነው። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዱ ቢያንስ ሁለት ስም አለው፤ ኤረር በር አርጎብ በሪ ነው፣ ሰንጋ በር ሱቁታት በሪ፣ ቡዳ በር በድሪ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። ሸዋ በር ያለው ሰው መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ እያሰበ ነው የሰየመው፤ ሌላው ደግሞ ከውስጥ ሆኖ በራሱ ቋንቋ ጠራው። በ1929 እ.ኤ.አ. ሌላው አሜሪካዊ የጂኦግራፊ ምሁር ዴርዌንት ዊትልሲ አንድን ቦታ በየተራ የሰፈሩበት ሰዎች የየራሳቸውን ንብርብር ጥለውበት እንደሚያልፉ ጽፎ ነበር። በጀጎል መሃል ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ላይ ያለው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ምኒልክ በ1887 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ከያዙ በኋላ መስጊድ በነበረበት ቦታ የተሠራ ነው፤ ንብርብሩ ሁልጊዜ በሰላም እንደማይጣል ያስታውሳል።

አንዲት እናት ቤታቸውን ሊያሳዩኝ አስገቡኝ። ጫማዬን አውልቄ፣ ደክሞኝ ስለነበር፣ ያገኘሁት መደብ ላይ ተቀመጥኩ። «እዚያ አይደለም ልጄ፣ ያ የአሚሩ ነው» ብለው በሳቅ አስነሡኝ። ነደባ የሚሉት መደብ ከፍታው የተለያየ ነው፤ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ ሲሆን፣ ለእንግዳ የሚሆነው ሌላ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ወለሉ ራሱ ይናገራል። የወለሉን ቀይ ቀለም ምኒልክ ሐረርን በያዙበት የጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይሉታል። ግድግዳው ላይ ቁጥራቸው የበዛ ሰፌዶች ተሰቅለዋል፤ አንዱን አውርደው ሲያሳዩኝ ጥለቱ በጣም ከመጥበቁ የተነሣ በጣቴ ስፌቱን ለይቼ መቁጠር አቃተኝ።

ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአምልኮ ቦታዎች ተቆጥረዋል፤ የተመዘገበውም ስፋት ወደ 48 ሔክታር ነው። ቅርሱ መከበሩ ደስ ይለኛል፤ ድንበሩ ግን ለእኔ ጠባብ ነው። ከተማዋ የምትበላው ከግንቡ ውጭ ካለው እርሻ ነው፤ ጧት በኤረር በር ሲገቡ ያየኋቸው የኦሮሞ ሴቶች የያዙት አትክልትና ማገዶ የጀጎል አካል ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? በሩ ሌሊት ይዘጋ የነበረው ቀን ቀን ክፍት ስለነበር ነው።

የመጨረሻዋን ማታ የባጃጁ ሹፌር ግንቡ ሥር አወረደኝ፤ ከመሬቱ አጠገብ አነስተኛ ቀዳዳ አለ፣ ወራባ ኑዱል ይባላል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጎንበስ ብዬ እጄን አስገባሁ፤ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ገና ይሞቃል። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ «አንተ፣ ተነሥ እንጂ!» አለኝ፤ «ባለቤቱ ሊገባበት ነው።»