አዲስ ፈርምዌር ከመጫኑ በፊት መመለሻው

ጠረጴዛው ላይ ያለው ቲፒሊንክ አርቸር ሲ7 የሚባል ራውተር ነው፤ ስሪቱ 2። የፋብሪካው ፈርምዌር፣ ማለትም ራውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ኦፕንደብሊውአርቲ በሚባል ሌላ ፈርምዌር ሊተካ ነው። ስሪቱን አብሬ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ከሞዴሉ ስም ቀጥላ በትንሹ የተጻፈችው የስሪት ቁጥር ከስሙ በላይ ትናገራለች። አንድ ዓይነት ስም የያዙ ሁለት ራውተሮች ውስጣቸው ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል። ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂን ማሰብ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕንደብሊውአርቲ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። አራተኛው ስሪት 4 ሜጋባይት ፍላሽ፣ ማለትም ፈርምዌሩ የሚቀመጥበት ቦታ፣ እና 16 ሜጋባይት ራም ነበረው፣ የሚሠራውም በሊኑክስ ነበር። አምስተኛው በዚያው ስም ወጥቶ 2 ሜጋባይት ፍላሽና 8 ሜጋባይት ራም ብቻ ያዘ፣ የሚያሠራውም ቪኤክስወርክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ሆነ። ስሙን ብቻ አይቶ ፋይል የሚያወርድ ሰው ችግሩን አብሮ ያወርዳል።

ይህ ሲ7 16 ሜጋባይት ፍላሽ፣ 128 ሜጋባይት ራምና 720 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር አለው። ለኦፕንደብሊውአርቲ ይበቃል፤ ብዙ አይተርፈውም። በብዙ ቤት የሚታየው ትንሹ ደብሊውአር841ኤን፣ ለምሳሌ ዘጠነኛው ስሪት፣ 4 ሜጋባይት ፍላሽና 32 ሜጋባይት ራም ብቻ ስላለው ከ19.07 በኋላ በመጡት የኦፕንደብሊውአርቲ ስሪቶች ድጋፍ የለውም። ፋይሉን ከሌላ ቦታ አግኝቶ በግድ መጫን ይቻል ይሆናል፤ ግን ማስተካከያ የሚቀመጥበት ቦታ አይተርፍም፣ ራሙም ስልኮች ሲበዙ ያልቅና ራውተሩ ራሱን እያጠፋ ያበራል። እንዲህ ያለውን ባለበት መተው ይሻላል እላለሁ።

በዚህ ሥራ ላይ የማምንበት አንድ ነገር ነው፦ ወደ ድሮው የሚመለስበት መንገድ በእጅ ሳይኖር አዲሱ አይጫንም። መንገዱን በስም ማወቅ አይበቃም። ፋይሉ ወርዶ፣ ኬብሉ ተገኝቶ፣ አድራሻው ወረቀት ላይ ተጽፎ መጠበቅ አለበት። ራውተሩ የሞተ ዕለት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም፤ መመሪያው ተከፍቶ የሚነበብበት መስመር ያው ራውተር ነው።

አርቸር ሲ7 ከሞት የሚነሳው በቲኤፍቲፒ፣ ማለትም ፋይል በኔትወርክ በሚያስተላልፍ ቀላል ስልት ነው። ላፕቶፑ በእጅ 192.168.0.66 የሚል አድራሻና 255.255.255.0 የሚል ማስክ ይሰጠዋል። የቲኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራም ይከፈትበትና የመመለሻው ፋይል፣ ስሙ ለሞዴሉ በተወሰነው መሠረት አንድ ፊደል እንኳ ሳይዛባ፣ በፕሮግራሙ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ኬብሉ ከላን ፖርቶች በአንዱ ይሰካል፤ ኢንተርኔቱ በሚገባበት በዋን ፖርት አይሆንም። ራውተሩ ይጠፋል፣ የሪሴት ቁልፉ እንደተጫነ ይበራል፣ የደብሊውፒኤስ መብራት እስኪበራ ቁልፉ አይለቀቅም። ራውተሩ ራሱ ፋይሉን ከላፕቶፑ ጠይቆ ይወስዳል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ሲሞከር ግን ሦስት ቦታ ይሰናከላል። የመጀመሪያው የላፕቶፑ ፋየርዎል ነው፤ ዩዲፒ ፖርት 69ን ስለሚዘጋ ጥያቄው ቢመጣም መልስ አያገኝም። ሁለተኛው የላፕቶፑ ዋይፋይ እንደበራ መቅረቱ ነው፤ መልሱ በሌላ መንገድ ሊወጣ ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ራውተሩ ሲበራ የላፕቶፑ የኬብል መስመር እስኪነሳ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፣ ራውተሩ ደግሞ ፋይሉን የሚጠይቀው በእነዚያው ሰከንዶች ውስጥ ነው። መሐል ላይ አንዲት ርካሽ ስዊች ብትገባ የላፕቶፑ መስመር ሁልጊዜ ተነስቶ ስለሚጠብቅ ነገሩ ይስተካከላል።

ወደ ፋብሪካው ፈርምዌር ሲመለሱ አንድ ወጥመድ አለ። ከቲፒሊንክ የሚወርደው ፋይል በስሙ ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል ካለበት፣ ከፊቱ ቡትሎደር፣ ራውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ተለጥፎበታል ማለት ነው። ከኦፕንደብሊውአርቲ ሆኖ ያንን እንዳለ መጻፍ ሁሉንም ነገር ከቦታው ይገፋዋል፣ ራውተሩም አይነሳም። ከፋይሉ መጀመሪያ 131,584 ባይት፣ ማለትም ባለ 512 ባይት 257 ብሎክ ተቆርጦ መጣል አለበት። በሊኑክስ ላይ በ«ዲዲ» ትእዛዝ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ይህን በሰላሙ ቀን ሠርቶ፣ የተቆረጠውን ፋይል ለይቶ ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው።

ስለመጫኑ ራሱ ብዙ የሚባል የለም። ፋይሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ «ፋክተሪ» የሚለው ከፋብሪካው ፈርምዌር ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ ለመሻገር፣ «ሲስአፕግሬድ» የሚለው ከኦፕንደብሊውአርቲ ወደ ኦፕንደብሊውአርቲ። የወረደው ፋይል የሻ256 ቁጥሩ፣ ማለትም የፋይሉ አሻራ፣ በወረደበት ገጽ ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል፤ የሚቆራረጥ መስመር ላይ የወረደ ፋይል ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። የቲፒሊንክ ገጽ ረጅም የፋይል ስም ስለማይወድ ስሙ ያጥራል። በኬብል እንጂ በዋይፋይ አይጫንም። ተጭኖ ራሱን እስኪያስነሳ አምስት ደቂቃ አለመንካት ነው። ኃይል በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ላይ፣ 12 ቮልት የሚያወጣ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ለዚህች አምስት ደቂቃ ብቻ እንኳ ዋጋዋን ታወጣለች። ፍላሹ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል።

የድሮውን ማስተካከያ ይዞ መሻገር ያጓጓል። ከ19.07 ወደ 21.02 በተሻገረበት ጊዜ ብዙ ራውተሮች ላይ የፖርቶቹ አያያዝ ከስዊችኮንፊግ ወደ ዲኤስኤ ተቀይሯል፤ አሮጌው ማስተካከያ በአዲሱ ላይ ሲወድቅ ራውተሩ በየትኛውም ፖርት አላስገባም ይላል። ዋና ስሪት ሲቀየር ባዶውን መጀመር ይመረጣል። ከዚያ በፊት ግን ከኢንተርኔት ሰጪው የተሰጠው የፒፒፒኦኢ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል በወረቀት ይያዝ። ከጠፋ ስልክ ደውሎ መጠበቅ ነው።

ከተነሳ በኋላ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ሰው የሚደነግጥባቸው ነገሮች ብልሽት አይደሉም። ዋይፋዩ አይታይም፤ ኦፕንደብሊውአርቲ ሲጫን ዋይፋዩን ዘግቶ ነው የሚጀምረው። በኬብል ወደ 192.168.1.1 ይገባል፣ ተጠቃሚው «ሩት» ነው፣ የይለፍ ቃል የለውም፤ ከሁሉ በፊት ይበጅለት። ኢንተርኔትም ላይኖር ይችላል። ይህ አገራችን ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው፦ ኢንተርኔት ሰጪው የሰጠው ሞደም ራሱ 192.168.1.1 ከሆነ፣ ራውተሩ በፊቱና በኋላው አንድ ዓይነት ኔትወርክ ያይና ጥቅሉን ወዴት እንደሚልክ ይጠፋዋል። የላኑን አድራሻ ወደ 192.168.2.1 መቀየር በቂ ነው። ፈርምዌሩ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው ስንት ጊዜ ነው፣ በዚህ በአንድ ቁጥር ምክንያት።

በዚያው ሰዓት ላይ የሚሠራ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ፍላሹ ውስጥ «አርት» የሚባል 64 ኪሎባይት ክፍል አለ። የዚህ ራውተር የራሱ የሬዲዮ ልኬት፣ ፋብሪካ ላይ አንድ በአንድ ተለክቶ የተጻፈው፣ ያለው እዚያ ነው። ቢጠፋ ከኢንተርኔት የሚወርድ ምትክ የለውም፤ የሌላ ሲ7 ቢገለበጥበትም ልኬቱ የሌላ ሰው መነጽር እንደማድረግ ነው። የማክ አድራሻው ደግሞ በቡትሎደሩ ክፍል ውስጥ ነው። በሉሲ፣ በኦፕንደብሊውአርቲ የማስተካከያ ገጽ፣ ፈርምዌር በሚጫንበት ቦታ ታች፣ እያንዳንዱን ክፍል ወደ ላፕቶፕ የሚያወርድ ቁልፍ አለ። ሁለቱንም አውርዶ ከራውተሩ ውጪ ማስቀመጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ልኬት። «ፈጥኗል» የሚል ቃል ያለ ቁጥር ዋጋ የለውም፣ ቁጥሩም ከድሮው ፈርምዌር ጋር ካልተነጻጸረ እንዲሁ። ስለዚህ ልኬቱ የሚጀምረው ከመጫኑ በፊት ነው። የፍጥነት መለኪያው ፕሮግራም አይፐርፍ3 በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ይከፈታል፤ አንዱ በኬብል ከራውተሩ ላን ፖርት፣ ሌላው በዋይፋይ። ራውተሩን ራሱን ሰርቨር ማድረግ ስህተት ነው፤ የሚለካው ዋይፋዩ ሳይሆን የዚያች ፕሮሰሰር አቅም ይሆናል። ለ60 ሰከንድ፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ከሦስት ሜትርና ከግድግዳ ኋላ። ላፕቶፑ የተቀመጠበት ቦታ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ ግማሽ ሜትር መንቀሳቀስ ውጤቱን ይለውጣል። ቻናሉና የቻናሉ ስፋት በሁለቱም ፈርምዌር አንድ ይሁን፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ 1፣ 6 ወይም 11፣ ስፋቱ 20 ሜጋኸርዝ፤ በ5 ጊጋኸርዝ ከ36 እስከ 48፣ ስፋቱ 80 ሜጋኸርዝ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ራዳር እንዳለ ቢያንስ 60 ሰከንድ አዳምጠው ነው የሚነሱት፤ ያንን የማያውቅ ሰው 5 ጊጋኸርዙ ሞተ ብሎ ሪሴት ይጫናል፣ ማዳመጡም ከዜሮ ይጀምራል። ባለ ሁለት አንቴና ላፕቶፕ 867 ሜጋቢት ተገናኝቻለሁ ሲል በአይፐርፍ 500 እና 600 መሐል ቢያሳይ ጤነኛ ነው።

የመስመሩ ፍጥነት ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። የፋብሪካው ፈርምዌር የአድራሻ ትርጉሙን፣ ማለትም የቤቱን አድራሻዎች ወደ ውጪው አድራሻ መቀየሩን፣ በሃርድዌር ይሠራል፤ ኦፕንደብሊውአርቲ በዚህ ቺፕ ላይ ሁሉንም በፕሮሰሰሩ ነው። በጣም ፈጣን ፋይበር ያለው ሰው ከድሮው ያነሰ ቁጥር ሊያይ ይችላል። «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቶ «ኤስአይአርኪው»፣ ፕሮሰሰሩ ጥቅል በማስተላለፍ የተያዘበት ድርሻ፣ መቶ በመቶ አካባቢ ከደረሰ ምክንያቱ ይኸው ነው። መደበኛ የቤት መስመር ላይ ግን ትርፉ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ትልቅ ፋይል እየተላከ ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ልኬት፣ ይደረግ፦ ባዶ መስመር ላይ 10 ሚሊሰከንድ የነበረው መቶዎች ውስጥ ከገባ፣ የቪዲዮ ጥሪ የሚቆራረጠው በዚህ ነው፣ ኢንተርኔቱ ስላነሰ ብቻ አይደለም። የጥቅሎችን ወረፋ የሚያስተዳድረው ኤስኪውኤም ተጭኖ፣ ከስልቶቹ «ኬክ» ተመርጦ፣ ፍጥነቱ ከተለካው 90 በመቶ ላይ ሲታሰር ፒንጉ ይወርዳል። አብሮ የጥቅሎችን መንገድ የሚያሳጥረውን ሶፍትዌር ፍሎው ኦፍሎዲንግ መክፈት አይገባም፤ ከኤስኪውኤም ጋር ሙሉ በሙሉ ላይጣጣም ይችላል።

ፍርዱ ግን በአንድ ማታ አይሰጥም። ሰባት ቀን ሳይጠፋ መቆየት አለበት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት «ፍሪ» የሚለው ትእዛዝ ተሰጥቶ የቀረው ራም ይመዝገብ፤ ምንም ሳይጨመርበት በየቀኑ እየወረደ ከሄደ የሚያፈስ ነገር አለ። የራውተሩ ሎግ ያለው ራም ላይ ስለሆነ ራሱን አጥፍቶ ሲነሳ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር በፖርት 514 እንዲልክ ማድረግ ያስፈልጋል። ሲ7 ላይ በሎጉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምከታተለው የ5 ጊጋኸርዙ አሽከርካሪ «ኤቲኤች10ኬ» ፈርምዌሩ ወደቀ የሚል መስመር ነው። በሳምንት አንዴ ቢመጣ እታገሣለሁ፤ በቀን ሁለቴ ከመጣ ያ ስሪት ለቤት አይሆንም።

የመጨረሻው ፈተና መብራት ማጥፋት ነው፣ ከተጫነ ከጥቂት ቀን በኋላ። ይህ ራውተር የሰዓት ባትሪ የለውም፤ ሲነሳ የሚይዘው ሰዓት በፍላሹ ላይ በመጨረሻ የተቀየረው የማስተካከያ ፋይል ቀን ነው፣ ትክክለኛውን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚፈታው ነው፤ ዲኤንኤስሴክ (በፊርማ የሚረጋገጠው) ወይም የተመሰጠረ ዲኤንኤስ የተከፈተበት ራውተር እዚህ ላይ ይታነቃል፦ ሰዓቱ ስለተሳሳተ ፊርማውን ወይም ሰርተፍኬቱን አይቀበልም፣ ያንን ስላልተቀበለ ስም አይፈታም፣ ስም ስላልፈታ የሰዓት ሰርቨሩን አያገኝም። ቢያንስ አንድ የሰዓት ሰርቨር በስም ሳይሆን በቁጥር አድራሻ ቢገባለት ክቡ ይሰበራል።

ሰባቱ ቀን ካለፈ የማስተካከያው ባክአፕ ይወርዳል፣ ከአርትና ከቡትሎደሩ ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር ይገባል። ከራውተሩ ሥር፣ ከስሪት ቁጥሩ ጎን፣ በፕላስተር ላይ የተጫነው ስሪት፣ የተጫነበት ቀንና አዲሱ የላን አድራሻ ይጻፍ፤ ነገ የሚከፍተው የቤቱ ሌላ ሰው 192.168.1.1 እየጻፈ እንዳይቸገር።